የለገሃሩ መኪና የማን ነበር? የምድር ባቡር ኩባንያዎችን የመንገድ ተሽከርካሪዎች ከአሮጌ ፎቶግራፍ ለይቶ በሞዴል ስለ መሥራት

መግቢያ

ከአገራቸው ርቀው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች በክብር ከሚጠበቁት ቅርሶች አንዱ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ነው። ከእነዚህም ፎቶግራፎች መካከል ለገሃር ወይም ድሬዳዋ ጣቢያ ላይ የተነሡት ብዙ ናቸው። ለመንገደኛ መሸኛም፣ ለእንግዳ መቀበያም ዋናው ቦታ ያ ነበርና። አባት ካባ ደርበው፣ እናት ነጠላ አጣፍተው፣ ልጆች ተሰልፈው ይታያሉ። ከኋላቸው ደግሞ ማንም ሆን ብሎ ያላነሣው አንድ ተሽከርካሪ ቆሟል። ሰዎቹ እነማን እንደሆኑ ቤተሰቡ ያውቃል። መኪናው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «የሸመንደፈር መኪና ነው» የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከሰዎቹ ኋላ የቆመውን ያንን ተሽከርካሪ ነው። ጥያቄው ለአንዳንድ አንባቢ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የባቡር መስመርን ታሪክ በሞዴል፣ ማለትም በትንሽ ምጥጥን በተሠራ ቅርጽ፣ ለማሳየት የሚሻ ሰው ይህን ጥያቄ ሊያልፈው አይችልም። የታሪክ ጸሐፊ «በጣቢያው ፊት አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ አረፍተ ነገሩም ጉድለት አይታይበትም። ሞዴል ሠሪው ግን መኪናውን መሥራት አለበት። ርዝመቱን፣ ቀለሙን፣ በፎቶግራፉ ያልታየውን ጎኑን፣ በበሩ ላይ የተጻፈውን ስም ሳይወስን እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም። ስለዚህ ሞዴል ሥራ ሰነድን በጥብቅ የመመርመር አንዱ መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

የጽሑፉ ዋና አሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከአንድ ፎቶግራፍ ከሚገኙት መረጃዎች ሁሉ የመጨረሻውና በጣም አስቸጋሪው የባለንብረቱ ማንነት ነው። ዘመኑ፣ ዓይነቱ፣ ልኩና ቀለሙ በቅደም ተከተል ሳይጣሩ «የማን ነው» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ስሕተትን ወደ ታሪክ ማስገባት ይሆናል። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናት የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስ ይሁን።

1. ስለ ቃላት

ምርመራው የሚጀምረው ከፎቶግራፉ ጀርባ ከተጻፈው ቃል ነው። «ባቡር» የሚለው ቃል በአማርኛ በሐዲድ ላይ ለሚሄደው ብቻ የተወሰነ አይደለም። የእህል ወፍጮም ባቡር ተብሏል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ቴርዚያን ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ሲታወስ ኖሯል። ይህ መሣሪያ ሐዲድ የሚያስፈልገው አልነበረም። ስለዚህ ከፎቶግራፍ ጀርባ «ባቡር» የሚል ቃል ብቻውን ቢገኝ፣ ምስሉ የምድር ባቡር ንብረት መሆኑን ቀርቶ በሐዲድ ላይ የሚሄድ መሆኑንም አያረጋግጥም። «መኪና» የሚለውም ቃል እንዲሁ ለልብስ ስፌቱም፣ ለጽሕፈቱም፣ ለጭነቱም ያገለግላል።

«ሸመንደፈር» ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ በሕዝብ አነጋገር ኩባንያውንም፣ ባቡሩንም፣ ሠራተኞቹንም በአንድነት ይጠራል። «የሸመንደፈር መኪና» የተባለ ተሽከርካሪ እንግዲህ ከሦስት አንዱን ሊሆን ይችላል፤ ኩባንያው የገዛው፣ ወይም በጣቢያው ቆሞ መንገደኛና ዕቃ የሚያመላልስ የግል ሰው ንብረት፣ ወይም የኩባንያው ሠራተኛ የሚነዳው የራሱ መኪና። ሦስቱም በቋንቋ ደረጃ ትክክል ናቸው። በታሪክ ደረጃ ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ተቃራኒው መደናገርም አለ። ጣልያኖች በ1930ዎቹ በምጽዋ–አስመራ መስመር ላይ ያሰማሩት ሊቶሪና ፊቱ ላይ እንደ አውቶቡስ ራዲያተር የተገጠመለት፣ መስኮቶቹም የአውቶቡስ የሚመስሉ ነው። ፎቶግራፉ ከጎማው በታች ተቆርጦ ከሆነ፣ የማያውቅ ሰው አውቶቡስ ነው ብሎ ቢፈርድ አይደንቅም። እንዲህ ባለ ጊዜ መታየት የሚገባው የመንኰራኵሩ ጠርዝ፣ መሪ መኖር አለመኖሩ፣ እንዲሁም ከፊት ያለው መጋጫና ማያያዣ ነው።

2. የአጎራባቻችን ምሳሌ

የባለንብረትነትን ጥያቄ ለመረዳት በዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ያለው የአሜሪካ ታሪክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግ በጆርጂያ ጎዳና አጠገብ ያለው በ1945 የተሠራው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ጣቢያ፣ በአሌክሳንድሪያም በ1905 የተሠራው ዩኒየን ጣቢያ እስከ ዛሬ ቆመዋል። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ፊት ከተነሡ የቀድሞ ፎቶግራፎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት የጭነት መኪና ያሳያሉ። መኪናው አረንጓዴ ቀለም ያለው፣ ባለ አራት ማዕዘን ሰያፍ ቀይ ምልክት የተለጠፈበት፣ «ሬልዌይ ኤክስፕረስ» የሚል ስም የተጻፈበት ነው።

ይህ መኪና የማን ነበር? የባልቲሞርና ኦሃዮ ነው ማለት ስሕተት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1918፣ የተለያዩት የዕቃ አድራሽ ኩባንያዎች «አሜሪካን ሬልዌይ ኤክስፕረስ» በሚባል አንድ ድርጅት ተጠቃለሉ። በ1929 ደግሞ ንብረቱ 86 የባቡር ኩባንያዎች በጋራ ባለቤት ለሆኑበት «ሬልዌይ ኤክስፕረስ ኤጀንሲ» ተላለፈ። ድርጅቱ በ1960 ስሙን «አር ኢ ኤ ኤክስፕረስ» ብሎ ለወጠ፤ በ1975 ከስሮ ተዘጋ። ስለዚህ መኪናው የኤጀንሲው ነው፤ ኤጀንሲው ደግሞ የባቡር ኩባንያዎቹ የጋራ ንብረት ነው፤ የቆመበት ጣቢያ ግን የአንዱ ኩባንያ ብቻ ነው። ባለንብረትነት እዚህ ላይ ሦስት ደረጃ አለው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ ስለ አንድ ተሽከርካሪ ሦስት ጥያቄዎች ተለያይተው መጠየቅ አለባቸው፤ ባለንብረቱ ማን ነው? የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? በጎኑ የተጻፈው የማን ስም ነው? ሁለተኛ፣ የተጻፈ ስም የሚወስነው ፎቶግራፉ ከመቼ በኋላ እንደተነሣ ነው። በ1929 ስሙ ቢለወጥም መኪናው ሁሉ በአንድ ሌሊት አይቀባምና፣ አሮጌው ስም የታየበት ፎቶግራፍ የግድ ከ1929 በፊት የተነሣ ነው ማለት አይቻልም። አዲሱ ስም የታየበት ግን ከ1929 በፊት ሊነሣ አይችልም።

በእንግሊዝ አገርም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ግሬት ዌስተርን የተባለው የባቡር ኩባንያ በ1903 ከሄልስተን እስከ ሊዛርድ የራሱን አውቶቡስ አሰማርቶ ነበር። በ1933 ደግሞ አራቱ ታላላቅ የባቡር ኩባንያዎች ካርተር ፓተርሰንንና ፒክፎርድስን፣ ማለትም ሁለቱን የታወቁ የመንገድ አመላላሾች፣ ገዝተዋቸዋል። የሞዴል ሠሪዎች ልማድ በዚያ አገር የጠነከረውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ በጣቢያው ፊት የሚቆመው መኪና ከሐዲዱ የማይለይ የታሪኩ ክፍል መሆኑን ተረድተዋልና።

3. ዘመኑን መወሰን

ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ በ1894 በሰጡት ፈቃድ መሠረት የተጀመረው መስመር ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። የመጀመሪያው ኩባንያ ከወደቀ በኋላ በ1908 የተቋቋመው የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት ወደ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም 1 ሜትር ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ በ1929 ተጠናቀቀ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1930፣ ከንግሥ በዓሉ ጋር ተያይዞ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በፊቱ ቆመ።

እነዚህ ዘመናት ለፎቶግራፍ አንባቢ የመሰላል ደረጃ ናቸው። ታላቁ ሕንፃ ከታየ፣ ፎቶግራፉ ከ1929 ወዲህ ነው። አንበሳው ከታየ፣ ከ1930 ወዲህ ነው። ጣልያኖች በወረራው ዘመን አንበሳውን ነቅለው ሮማ ወስደውት፣ በ1937 በዶጋሊ መታሰቢያ አጠገብ አቁመውት ነበር፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። ስለዚህ የሐውልቱ ቦታ በግልጽ ታይቶ ሐውልቱ ከሌለ፣ ፎቶግራፉ ወይ ከ1930 በፊት፣ ወይም በተወሰደበትና በተመለሰበት ዘመን መካከል የተነሣ ነው።

ሌላው ታላቅ ምልክት የመንገዱ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተዛወረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. (8 ሰኔ 1964) ነው። ከነፃነት በኋላ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ብዙ መኪናዎች በግራ ሲሄዱ ከታዩ፣ ፎቶግራፉ ከዚያ ቀን በፊት የተነሣ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ ፎቶግራፉ ከኔጋቲቩ ተገልብጦ ታትሞ ከሆነ ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የሱቅ ጽሕፈት ወይም ታርጋ በትክክል መነበቡን ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛው፣ መሪው በየትኛው ወገን መሆኑ ማስረጃ አይሆንም። መኪና መሪውን ከተሠራበት አገር ይዞ ይመጣል። የጣልያን ከባድ የጭነት መኪናዎችም አገሩ በቀኝ የሚነዳ ሆኖ ሳለ መሪያቸው ብዙ ጊዜ በቀኝ ነበር።

በንብረት ላይ የሚጻፈው ምሕጻረ ቃልም ይረዳል። የፍራንኮ-ኢትዮጵያ ኩባንያ ስሙ በፈረንሳይኛ ሲያጥር ሴ፣ ኤፍ፣ ኧ የሚሉት ሦስት የላቲን ፊደላት ነበሩ። ድርጅቱ በ1981 የኢትዮጵያና የጅቡቲ መንግሥታት የጋራ ሲሆን መካከለኛው ፊደል ተለውጦ ሴ፣ ዴ፣ ኧ ሆነ። አንዲት ፊደል ዘመንን ትከፍላለች። እንዲሁም ከ2016 ወዲህ የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአዲስ አበባ ጣቢያውም ለቡ እንጂ ለገሃር አይደለም። የሁለቱን መስመሮች ምስሎች የሚያደባልቅ ሰው ሐዲዱን ቢመለከት ይበቃዋል።

ከፎቶግራፉ ጀርባ የተጻፈ ዓመት ሲገኝ ደስታው አያስቸኩል። «1956» የሚል ቁጥር በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን 1963/64 ነው። ከአገር የወጣ ቤተሰብ ሁለቱንም አቆጣጠር ይጠቀማልና፣ «ዓ.ም.» የሚል ቃል ወይም የወር ስም ካልተጨመረበት በቀር ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

4. የተሽከርካሪውን ዓይነት ማወቅ

የመኪና ዓይነት የሚለየው በመጀመሪያ ከፊቱ ነው። ኮፈን አለው ወይስ ጋቢናው በሞተሩ ላይ ተቀምጧል? የራዲያተሩ ቅርጽ ምን ይመስላል? ፓራፋንጎው ክብ ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ቸርኬው በስንት ብሎን ታስሯል? ባሌስትራው ከፊት ይታያል ወይስ ተሸፍኗል? የአገራችን ሹፌሮችና መካኒኮች እነዚህን ቃላት ከጣልያንኛ ወርሰው የራሳቸው አድርገዋቸዋል። አንድ ሽማግሌ ሹፌር ፎቶግራፉን አይቶ «ትሬንታ ኳትሮ ናት» ቢል፣ ፊያት ከ1931 ጀምሮ የሠራውን፣ ረጅም ኮፈን ያለውን 634 የተባለ የናፍጣ መኪና ማለቱ ነው። «ኤንትሬ» ቢል ደግሞ ሥራው በ1952 የተጀመረውን፣ ኮፈን የሌለውን የፊያት 682 ቤተሰብ ማለቱ ነው። በፊቱ ላይ እንደ ሪዝ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተዘረጋው የብረት ጌጥ የዚያ ዘመን ፊያት የጭነት መኪናዎች መለያ ነው። በጎን የቆመች ሰይቼንቶ ታክሲ ከታየችም፣ ፊያት 600 የወጣችው በ1955 ስለሆነ፣ ፎቶግራፉ ከዚያ ወዲህ የተነሣ መሆኑ ይታወቃል።

የማይታየውም ነገር ይናገራል። በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ አሜሪካን ሬልዌይ ኤክስፕረስ በከተሞች ያሰማራቸው አንዳንድ መኪናዎች በባትሪ የሚሠሩ ስለነበሩ ራዲያተር አልነበራቸውም። ራዲያተር የሌለው ጠፍጣፋ ፊት ሲታይ ፎቶግራፉ ተቆርጧል ወይም ተበላሽቷል ከማለት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

5. ልኩን መውሰድ

ፎቶግራፍ ልክ የለውም ይባላል፤ ነገር ግን በውስጡ ማስመሪያ የሚሆን ነገር ሊኖር ይችላል። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ በትክክል 1 ሜትር መሆኑ ለሞዴል ሠሪ የታደለ ዕድል ነው። መኪናው ከሐዲዱ እኩል ርቀት ላይ ከቆመ፣ ሐዲዱ ራሱ ማስመሪያ ይሆናል። መኪናው ከሐዲዱ ይልቅ ወደ ፎቶግራፍ አንሺው የቀረበ ከሆነ ግን ልኩ ያታልላል፤ ከሚገባው በላይ ትልቅ ሆኖ ይታያልና። በዚህ መንገድ የኤርትራን መስመር ከእኛው ለመለየት መሞከር ግን አይመከርም። የዚያ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ልዩነቱ ከ20 አንድ እጅ ብቻ ነው፤ በአሮጌ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለውን ልዩነት ማንም በእርግጠኝነት አይለካም።

ሁለተኛው ማስመሪያ ጎማው ነው። በቀድሞ ጎማዎች ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጀመሪያው ክፍል ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት በኢንች ያመለክት ነበር። 32 በ6 የሚል ጎማ ስፋቱ በግምት 32 ኢንች፣ ማለትም 81 ሴንቲ ሜትር ነው። በፎቶግራፉ ላይ ጎማው 9 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት ጎማ መሐል እስከ ኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት ደግሞ 36 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ርቀቱ የጎማውን አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ በእውነተኛው መኪና 3 ሜትር ከ25 ያህል ይሆናል። በ1 ለ87 ምጥጥን ሲሠራ 37 ሚሊ ሜትር፣ በ1 ለ43 ሲሠራ 76 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

መኪናው በሰያፍ ከቆመስ? ጎማው ክብ መሆኑ ይቀርና እንቁላል ይመስላል፤ ቁመቱ እንዳለ ሆኖ ወርዱ ይጠባል። የመኪናውም ርዝመት የሚጠበው በዚያው መጠን ነው። ስለዚህ በሰያፍ የቆመ መኪና ርዝመት ከጎማው ቁመት ጋር ሳይሆን ከጎማው ወርድ ጋር መነጻጸር አለበት። ለዚህም መለካት ያለበት የኋላው ጎማ ነው፤ የፊተኛው በመሪ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላልና። ይህ ስሌት ግምት እንጂ ፍጹም ልክ አይደለም፤ ሆኖም በዓይን ከመገመት እጅግ ይሻላል።

የሞዴሉ ምጥጥን ሲመረጥ ከሐዲዱ ጋር መስማማቱ ይታሰብበት። በ1 ለ87 የእኛ የ1 ሜትር ሐዲድ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። በዓለም ገበያ የሚገኘው የዚህ ምጥጥን ሐዲድ ለአሠራር እንዲመች 12 ሚሊ ሜትር ተደርጎ የተሠራ ነው። ብዙ ጀማሪዎች የሚገዙት 16 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነው ሐዲድ ግን ለ1,435 ሚሊ ሜትር መስመር የተዘጋጀ ነው። በዚያ ላይ የድሬዳዋን ባቡር ማስቀመጥ የመስመሩን ጠባይ ማበላሸት ነው። መኪናውም ከባቡሩ አጠገብ ሲቆም ያልሆነውን ያህል ያንሳል።

6. ስለ ቀለም

በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ የጠቆረ ሁሉ ጥቁር አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የመስታወት ኔጋቲቮች የሚቀበሉት ሰማያዊ ብርሃንን ስለነበር ቢጫና ቀይ ይጠቁሩባቸው ነበር። ኦርቶክሮማቲክ የተባለው ፊልም አረንጓዴን ቢጨምርም ለቀይ ዕውር ነው። ሁሉንም ቀለም የሚቀበለው ፓንክሮማቲክ ፊልም ነው፤ እርሱም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እየተስፋፋ መጣ። ሰንደቅ ዓላማችን በእነዚህ ሦስት ፊልሞች ላይ ሦስት የተለያየ መልክ ይኖረዋል። ይህም ለእኛ መልካም መፈተኛ ነው፤ በምስሉ ውስጥ ሰንደቅ ዓላማ ካለ፣ ቀለሙን አስቀድመን ስለምናውቅ የፊልሙን ዓይነት ከእርሱ ገምተን የመኪናውን ቀለም በዚያ እንመዝናለን። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የአሜሪካ መኪና ላይ ያለው ቀይ ምልክት በኦርቶክሮማቲክ ፊልም ከጥቁር አረንጓዴው ገላ ጋር ሊመሳሰል የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

7. ዘዴው በተግባር

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ እናስብ። የለገሃር ሕንፃ ከኋላ ሙሉ ሆኖ ይታያል። የሐውልቱ ቦታ ግልጽ ነው፤ አንበሳው ግን የለም። በስተ ግራ አንዲት ሰይቼንቶ ትታያለች። መኪናዎቹ በግራ ይሄዳሉ፤ የሱቁም ጽሕፈት በትክክል ይነበባል። ከቤተሰቡ ኋላ ኮፈን የሌለው፣ ፊቱ ላይ ሪዝ ያለው ፊያት የጭነት መኪና ቆሟል። ከወረቀቱ ጀርባ «1956» ተብሎ ተጽፏል፤ ባለቤቶቹም «የሸመንደፈር መኪና» ይሉታል።

ሰይቼንቶዋ ከ1955 ወዲህ መሆኑን ትነግረናለች። የመንገዱ ሥርዓት ከሰኔ 1956 ዓ.ም. በፊት መሆኑን ይነግረናል። የአንበሳው አለመኖርም ከዚህ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ፎቶግራፉ ከ1955 እስከ 1964 አጋማሽ ባለው ጊዜ የተነሣ ነው። ከጀርባው የተጻፈው ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር በዚህ ወሰን ውስጥ ይገባል! ስለዚህ ቁጥሩ አይፈርድም፤ የልጆቹ ዕድሜ ወይም በዚያ ዓመት የሆነ የቤተሰብ ነገር ሊፈርድ ይችላል።

ዘመኑና ዓይነቱ በዚህ መልክ ታወቀ። ባለንብረቱስ? በጣቢያ ፊት መቆሙ አንዳች አያስረዳም። በለገሃር አደባባይ ነጋዴው፣ ሆቴል ቤቱ፣ ፖስታው፣ ጉምሩኩ፣ ጦር ሠራዊቱ ሁሉ ዕቃ ለመጫን ይመጣ ነበር። ባለንብረትነትን የሚያረጋግጠው ሊብሬ ነው፤ ፎቶግራፍ ሊብሬ አይደለም። ሊብሬው በሌለበት ግን ማስረጃዎች በክብደታቸው ይደረደራሉ። ከሁሉ የሚከብደው በመኪናው በር ላይ የሚነበብ የኩባንያ ምልክት ነው። ቀጥሎም ያው ምልክትና ያው አጻጻፍ በፉርጎ ላይ በሌላ ፎቶግራፍ መገኘቱ ነው። ከዚያም የኩባንያው የንብረት መዝገብ ወይም የድሬዳዋ ዎርክሾፕ የጥገና ጽሑፍ፣ ከዚያም መኪናውን የነዳ ወይም የጠገነ ሰው ምስክርነት ይመጣል። በመጨረሻ የሚቀመጠው የቤተሰቡ አጠራር ነው። ካሶኒው ላይ የተጫነው ዕቃም ሊረዳ ይችላል። የሐዲድ ብሎንና የእንጨት መስመር አግዳሚ የጫነ መኪና ቡናና ጨው ከጫነው ይልቅ የኩባንያው የመሆን ዕድሉ ይሰፋል። ይህም ቢሆን ግምት ነው፤ ኩባንያ መኪና ይከራያልና።

8. ሞዴሉ እንደ መዝገብ

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ሞዴል ሠሪው ባዶ ቦታ ይቀርበታል። የመኪናው ቀኝ ጎን አልታየም፤ ቀለሙ በግምት ተወስኗል፤ የበሩ ጽሕፈት አልተነበበም። ሥራውን ማቆም ግን አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ከሞዴሉ ጋር የሚቀመጥ አንድ ገጽ መዝገብ ማዘጋጀት ነው። በመዝገቡም እያንዳንዱ የመኪናው ክፍል ከሦስት በአንዱ ሥር ይመደባል፤ የታየ፣ ከሌላ ማስረጃ የተገመተ፣ ባዶውን ለመሙላት የተጨመረ። በሩ ላይ ያለው ስም ካልታወቀ በሩ ያለ ጽሕፈት ይተው። ያለ ስም የቆመ ሞዴል እውነተኛ ነው፤ የኩባንያው ስም በግምት የተጻፈበት ሞዴል ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ለሌላው ሞዴል ሠሪ «ማስረጃ» ሆኖ ይቀርባል። ስሕተት የሚራባው በዚህ መንገድ ነው።

ነገሩ ከሞዴልም ያልፋል። በለገሃርና በድሬዳዋ የቆመውን መኪና ሁሉ «የሸመንደፈር» ካልነው፣ የራሳቸውን አንድ መኪና ገዝተው በዚያ አደባባይ ጭነት ሲጠብቁ የኖሩትን ኢትዮጵያውያን፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የመናውያንና ሌሎችንም ባለመኪናዎች ከታሪክ እናወጣቸዋለን። የኩባንያው ታሪክ በፈረንሳይኛም በአማርኛም ተጽፎለታል፤ የእነርሱ ግን ምናልባት ያለው በዚያ ፎቶግራፍ ዳር ብቻ ነው። ለኩባንያው የማይገባውን መስጠት የሌላውን መንጠቅ ነው።

ማጠቃለያ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ትዕግሥት ይበቃሉ። ዘዴውን በቅርብ ለመለማመድ የሚሻም በዋሽንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት አለለት። ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ የተነሡ ከ170 ሺህ በላይ የመንግሥት ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች በዚያ ይገኛሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ጃክ ዴላኖ በጦርነቱ ዘመን ያነሣቸው የባቡርና የጣቢያ ሥዕሎች ይገኙባቸዋል። የተጻፈ መግለጫ ካላቸው በእነዚህ ሥዕሎች ዓይኑን ያሠለጠነ ሰው፣ መግለጫ ወደሌላቸው የቤተሰብ ፎቶግራፎች ሲመለስ በበለጠ ጥንቃቄ ያያል።

ጊዜ የማይሰጠው ግን ሌላው ማስረጃ ነው። «ትሬንታ ኳትሮ ናት» ብለው በአንድ እይታ የሚፈርዱት ሹፌሮች፣ መካኒኮችና የጣቢያ ሠራተኞች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ያሉ ቤተሰቦች ፎቶግራፎቻቸውን ፊትና ጀርባውን አስቀድተው እንዲያስቀምጡ፣ በጀርባው ላይ በእስክርቢቶ ሳይሆን በለስላሳ እርሳስ እንዲጽፉ ይመከራል። ስለ መኪናው የተናገረውን ሰው ስም፣ የተናገረበትን ቀን፣ በቃሉ ያለውንም ሳይለውጡ ይመዝግቡ፤ ዓመት ሲጽፉም በየትኛው አቆጣጠር መሆኑን ያመልክቱ። ሽማግሌው «የሸመንደፈር መኪና ነበረች» ቢሉም አንድ ጥያቄ ይጨመርላቸው፤ «ማን ነበር የሚነዳት? ደመወዙንስ ማን ይከፍለው ነበር?» ለዚህ የሚሰጡት መልስ ፎቶግራፉ ሊነግረን የማይችለውን ይነግረናል።